ሬዲዮው ይውጣልን

ሰው አሮጌ ነገር እጁ ሲገባ አንድ አመል ይነሣበታል፤ ማጠብ ያምረዋል። የእናቱን ጥልፍ ቀሚስ ያገኝና በበረኪና ዘፍዝፎ ጥልፉን ያስለቅቀዋል። የአባቱን የእንጨት ወንበር ያገኝና ፍቆ፣ ቀብቶ፣ ትናንት ከሱቅ የወጣ ያስመስለዋል። ከዚያ ራቅ ብሎ ያየውና «የድሮ ዕቃ ለዛው የት ሄደ?» ብሎ ያዝናል። የት ይሄዳል? ራሱ አጥቦ ደፍቶት ነው እንጂ።

በዚህ አመል እንደ ድምፅ ሰዎች የተለከፈ አላየሁም። አሮጌ የክላሲካል ኮንሰርት ቅጂዎችን እያጸዱ እንደገና በሲዲ የሚያሳትሙትን ማለቴ ነው። እዚህ ላይ «ለመሆኑ አንድ ሐበሻ፣ ያውም ጴንጤ፣ ያውም ሜልበርን ዳርቻ ትሩጋኒና የሚኖር ሰው ከክላሲካል ኮንሰርት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ባለቤቴ ሰላምም ይህንኑ ትጠይቀኛለች፤ መልሱን ለመስማት ቆማ ባታውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ልጅ ሳለሁ ቴሌቪዥኑ ፕሮግራም እስኪጀምር ድረስ የማይንቀሳቀስ ሥዕል ይደቅንና ከጀርባው ቫዮሊን ያሰማ ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ ፕሮግራሙን ይጠብቃል። ለእኔ ግን ፕሮግራሙ እሱ ነበር፤ ዜና አንባቢው ብቅ ሲል ተነሥቼ እወጣለሁ።

ሜልበርን ስመጣ ደግሞ ለአመሌ ቀለብ የሚሰፍርልኝ አገኘሁ። ኦፕ ሾፕ ይሉታል፤ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ በነጻ እየሰጠው እሱ በርካሽ የሚሸጥ የበጎ አድራጎት ሱቅ ነው። ዌሪቢ ያለው የእኔ ኦፕ ሾፕ አንድ ጥግ ሙሉ የክላሲካል ሲዲ አለው። የሲዲዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ አርፈዋል፤ ልጆቻቸው ቤት ሲያስለቅቁ በካርቶን አምጥተው ያራግፏቸዋል። ስለዚህ የሙዚቃ ዕውቀቴ በሙሉ የቆመው በሞቱ አውስትራሊያውያን ምርጫ ላይ ነው። ቅር አይለኝም፤ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ነበሩ።

ከእነዚህ መካከል አንድ ኮንሰርት አለ፤ ድሮ አውሮፓ ውስጥ በሕዝብ ፊት ሲቀርብ የተቀዳ። ሦስት አሳታሚዎች በየተራ አውጥተውታል፤ ሦስቱም አሉኝ። የመጀመሪያው እንዳለ ነው። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሽሽ ይላል፤ ግን ከዝናቡ ሥር አዳራሹ ይሰማል፣ ወንበር ሲጢጥ ሲል ይሰማል፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ ቀስ ያለው ክፍል ላይ ጠብቆ ይስላል። ሁለተኛው ዝናቡን ቀንሶታል፤ ሰውዬው ግን ይስላል። የሦስተኛው ሽፋን «በዘመናዊ ቴክኖሎጂ ፍጹም የጸዳ» ይላል። እውነቱን ነው። ዝናቡ የለም፣ ወንበሩ የለም፣ አዳራሹ የለም፣ ቫዮሊኖቹም በስልክ የሚያወሩ ይመስላሉ። ሰውዬውም የለም። እኔን ያናደደኝ የሰውዬው ነገር ነው። ቲኬት ቆርጦ፣ ክራቫት አስሮ የገባን ሰው በምን ሥልጣናቸው ነው ከአዳራሽ የሚያስወጡት?

ይህን ንዴቴን በሆዴ ይዤ ብቀመጥ ምንም ባልመጣብኝ። ግን እንጀራዬ ሶፍትዌር መፈተሽ ነው፤ ሌላው የሠራውን ፕሮግራም እየነካካሁ ጉድለቱን መናገር። በሌላ አነጋገር ደመወዝ እየተከፈለኝ እነጫነጫለሁ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ በነጻ እቀጥላለሁ። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ይዘን ቆመን፣ ስለ ሦስቱ ሲዲዎች ለአንድ ምስኪን ወንድም ሳብራራ ትዕግስት ሰማችኝ። ትዕግስት የቤተ ክርስቲያናችን የምሥረታ በዓል ኮሚቴ ጸሐፊ ናት። በተማሪነት መጥታ ነርስ የሆነች፣ በሁለት ሺፍት መካከል ሠርግ ደግሳ የምትመለስ ልጅ ናት። «ብሩኬ፣ አንተ ድምፅ ማጽዳት ትችላለህ ማለት ነው?» አለችኝ። እኔ እንኳ የምችለው አለማጽዳትን ነው ብዬ ላስረዳት ስጀምር «ጌታ ይባርክህ» ብላ በነጋታው አንድ ካሴት በሰው እጅ ላከችልኝ።

ካሴቱ የጋሼ ደምሴ ነበር። ጋሼ ደምሴ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ናቸው። በደርግ ጊዜ፣ አብያተ ክርስቲያናት ታሽገው ሰው በየቤቱ ተደብቆ በሚያመልክበት ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አነስተኛ ኳየር ይመሩ ነበር። ከዚያ ኳየር የቀረው ድምፅ ይህ ካሴት ብቻ ነው። ኮሚቴው በሲዲ አሳትሞ በበዓሉ ቀን ሊያስመርቀው ወስኗል። ችግሩ፣ አለችኝ ትዕግስት በስልክ፣ ከመዝሙሩ በላይ የሆነ የፈረንጅ ሙዚቃ ይጮሃል። ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቶ ይሆናል። እሱ ይውጣልን።

ጋራዤ ውስጥ፣ ከዚያው ከኦፕ ሾፕ በገዛሁት ማጫወቻ ከፍቼ ሰማሁት። አሁን የተሰማኝን ልናገር? ኦርኬስትራው ግሩም ነበር። በአጭር ሞገድ የመጣ በመሆኑ ድምፁ እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ግን ከአዳራሽ በቀጥታ የተላለፈ ኮንሰርት መሆኑ ያስታውቃል። ጥሩምባዎቹ ሲገቡ ጋራዡ ይሞላል። ከሥሩ ደግሞ ሰዎች በለሆሳስ የሚዘምሩት ነገር አለ። የመጀመሪያ ቀን፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ያስቸገረኝ ኳየሩ ነበር። ሰላም በር ላይ ቆማ ለጥቂት ጊዜ አየችኝና «ኳየሩን አውጥተህ ሙዚቃውን ልታስቀር ነው እንዴ የምታስበው?» አለች። የለም አልኳት፤ ግን መልሱ ትንሽ ዘገየ።

ቁምነገሩን የጠየቀችው ልጄ ሊያ ናት። ጆሮ ማዳመጫውን ተቀብላኝ ሰማችና «ዳድ፣ ዋይ አር ዘይ ዊስፐሪንግ?» አለችኝ። ለምን ነው የሚያንሾካሹኩት? ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ድምፃቸው ከማይክሮፎኑ ርቆ መስሎኝ ነው። ጥያቄውን ይዤ ወደ ጋሼ ደምሴ ሄድኩ።

ጋሼ ደምሴና ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች የሚኖሩት ኮሊንግዉድ፣ ከረጃጅሞቹ የመንግሥት ሕንጻዎች በአንዱ፣ ከፍ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ጋሼ ደምሴ ቤታቸው ውስጥም ኮት የሚለብሱ፣ ሲያወሩ እጃቸው የማያርፍ ሰው ናቸው፤ ጨው አቀብሉኝ ሲሉ እንኳ ኳየር የሚመሩ ይመስላሉ። ሬዲዮውን የከፈተው ጎረቤት ማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። ምን ጎረቤት፣ አሉኝ፣ ራሳችን ነን የከፈትነው።

እንዲህ ነው የነገሩኝ። ይዘምሩበት የነበረው ቤት አንድ ክፍል ነው። ከአጥሩ ማዶ የቀበሌው ሊቀመንበር ይኖራል። መዝሙር ከተሰማ ማንም ከዚያ ቤት ወደ ቤቱ አይመለስም። ስለዚህ ሬዲዮ በኃይል ይከፈታል፣ ኳየሩ ከሥሩ ይዘምራል። የአገር ውስጡ ጣቢያ ንግግር ይበዛዋል፤ ተናጋሪው ትንፋሽ ሲወስድ መዝሙሩ ይጋለጣል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ የውጭ ጣቢያ ኮንሰርት ያስተላልፍ ነበር። ኦርኬስትራ ትልቅ ነው፣ ረጅም ነው፣ ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ ይነፋል። ሊቀመንበሩ እነዚህ ሰዎች የፈረንጅ ሙዚቃ አሳብዷቸዋል እያለ ይስቅባቸው ነበር አሉ። ከዘማሪዎቹ ሁለቱ በሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሊዛወሩ ሲሉ፣ ሳንበተን ድምፃችን ይቀመጥልን ብለው ቀዱት። አልጋ ላይ ለተደረደሩት ጥቂት ሰዎች የቀረበውን ይህን ዝግጅት እነሱም እንደ ቀልድ ኮንሰርት ይሉት ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ዕድሜ ልኬን የአውሮፓ ታሪካዊ ኮንሰርት ስለቅም ኖሬ፣ የራሴ ወገኖች ታሪካዊ ኮንሰርት ከአውሮፓው ሥር ተደብቆ አገኘሁት። ይህ ሬዲዮ መነካት የለበትም ብዬ ስለ ሰውዬው ሳል ንግግሬን ልጀምር ስል ጋሼ ደምሴ እጃቸውን አነሡ። ያንን ኳየር እኔ ራሴ ሰምቼው አላውቅም አሉ። ሁልጊዜ ከሬዲዮ በታች ነው የሰማሁት። አሁን የሚያሳድደን የለም፤ ጆሮዬም እየደከመ ነው፤ ሳይዘጋ አንዴ ተገልጦ ልስማው። ምን ይመለስላቸዋል? እሺ አልኩ።

እትዬ አስናቀች ይህ ሁሉ ሲወራ ዳቦና ሻይ ያቀርቡ ነበር። ስነሣ ግን ልሸኝህ ብለው ነጠላቸውን አነሡ። የአገራችን ሽኝት በር ድረስ አይደለም፤ ኮሊንግዉድም ቢሆን ሊፍት ተሳፍሮ መሬት ወርዶ መኪና ድረስ ነው። የዚያ ሕንጻ ሊፍት ደግሞ በየፎቁ ይቆማል፤ ይከፈታል፣ ማንም አይገባም፣ ይዘጋል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ፎቅ ላይ ሲቆም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጄ፣ ሬዲዮውን ካወጣኸው እኔ የለሁም አሉኝ።

አልገባኝም። ሊፍቱ እየቆመ እየተነሣ አስረዱኝ። እሳቸው መዘመር አይችሉም። ድምፄ አይሆንም፤ ደምሴም ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ በፍቅር ነግሮኛል አሉ። ስለዚህ ሬዲዮው አጠገብ የሚቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ጣቢያውን የሚፈልጉት፣ ሲሸሽ የሚመልሱት፣ ሲደክም ከፍ የሚያደርጉት እሳቸው። ሌላው ሁሉ በካሴቱ ላይ ድምፅ አለው። የሞቱትም አላቸው፣ አገር የቀየሩትም አላቸው። የእኔ ድምፅ ሬዲዮው ነው አሉ፤ ልጆቻችን አንድ ቀን ካሴቱን ሰምተው እማዬስ የት ነሽ ቢሉኝ ምን ላሳያቸው ነው? ከዚያ ለደምሴ እንዳትነግርብኝ፣ ይህን ያህል ዓመት የጠበቀውን ደስታ እንዳላበላሽበት አሉ። ሌላም ነገር ሊጨምሩ አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር፤ መሬት ደረስን፣ ሊፍቱ ተከፈተ፣ ሰው ገባ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ነገሩን አሰላሁት። ባልየው ይውጣልኝ ይላሉ፣ ሚስትየዋ ከወጣ የለሁም ይላሉ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ አንዳቸው የሌላውን እንዳይሰሙ የተገዘትኩት እኔ። ሲዲ የሚያሳትሙት የአውሮፓ ባለሙያዎች እንዲህ ያለ ጣጣ አለባቸው? የእነሱ ሰውዬ ሊፍት ውስጥ ይዟቸው አያውቅም።

ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ተከራከርኩ። የእትዬ አስናቀችን ነገር መናገር ስለማልችል በመርህ ተከራከርኩ፤ በመርህ ብቻ የሚከራከር ሰው ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። ስለ ታሪክ ተናገርኩ፣ ስለ አዳራሽ ትንፋሽ ተናገርኩ፣ ሰውዬውንም ጠራሁት። ሁሉም በትዕግሥት ሰሙኝ። ራሷ ትዕግስት ደግሞ ሰዓቷን አየችና «ብሩኬ፣ ኦልሬዲ ፕሪንት የሚያደርጉትን ቡክ አድርጌያለሁ፣ ካንስል ብናደርግ ሌላ ጊዜ አይሰጡንም። ሺፍት አለብኝ፣ በጸሎት እንዝጋ» አለች። በጸሎት ተዘጋ። ሬዲዮው እንዲወጣ በጌታ ፊት ተወሰነ ማለት ነው።

ማጽዳቱ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጫጫታው የትኛው ነው፣ አሳየኝ ይላል። ጫጫታ ብቻ ያለበትን ቦታ ታሳየዋለህ፣ እሱ ይማርና ከሁሉም ቦታ ያወጣዋል። ካሴቱ ሽሽ የሚለው እንዲህ በቀላሉ ይወጣል። ኦርኬስትራ ግን መልኩን ይለዋውጣል፤ እሱን ለማውጣት ድምፁ እንደ ሥዕል ስክሪን ላይ ይዘረጋና በእጅ እየነካኩ ማጥፋት ነው። ቫዮሊኑን ሳጠፋ ከሴቶቹ ሶፕራኖ ድምፅ ይቆረሳል፤ ጥሩምባውን ሳነሣ ወንዶቹ ጉንፋን ይይዛቸዋል። ስንት ቅዳሜ በዚህ እንደሄደ ሰላም ታውቃለች። ጫጫታው የትኛው ነው በተባልኩ ቁጥር ደግሞ ነጠላቸውን የለበሱት ሴትዮ ይመጡብኛል፤ አፍሬ ሻይ ላፈላ እነሣለሁ።

በመጨረሻ ኳየሩ ብቻውን ቀረ። ሰማሁትና ግራ ገባኝ። «እልል በሉ» የሚለው ቦታ ላይ ሁሉም በአንድነት ያንሾካሹካሉ። «በጸጥታ እንጠብቅሃለን» የሚለው ጋ ሲደርሱ ደግሞ ጣራ ይነቀላል። አንድ መዝሙር መሐል ላይ ቃሉን ለሁለት ሰንጥቀው ዝም ይላሉ፤ ዝም እንዳሉ ይቆያሉ፤ ከዚያ የቃሉን ግማሽ ከተዉበት አንሥተው ይቀጥላሉ። ይህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። በዕቃ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዕቃውን ነው። ከፍታውን አስተካክዬ እኩል ላደርገው ሞከርኩ፤ ሹክሹክታው እንደ ጩኸት ገነነና የባሰ አስፈራ። ተውኩት። ለትዕግስት ልክ አይደለም ብዬ ብነግራት ሰው አያስተውልም አለችኝ።

የበዓሉ ቀን ዌሪቢ ውስጥ የተከራየነው የትምህርት ቤት አዳራሽ ሞላ። ጋሼ ደምሴ ፊት ወንበር ላይ፣ አዲስ ክራቫት አስረው ተቀምጠዋል፤ እትዬ አስናቀች ከጎናቸው። ከኳየሩ አባላት አንዷ፣ እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ወፍራም ሳቂታ ሴት፣ ለዚህ ብለው ከሲድኒ መጥተዋል። እኔ ላፕቶፔን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቼ ጥግ ይዣለሁ። ተጸለየ፣ ንግግር ተደረገ፣ ሲዲው ተባረከ። ከዚያ ትዕግስት በእጇ ምልክት ሰጠችኝና ከፈትኩት።

መጀመሪያ ላይ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ቀስ እያለ አንዱ ዓይኑን ይገልጣል፣ ሌላው ይገልጣል። እልል በሉ ሲሉ ሲያንሾካሹኩ ወጣቶቹ ተያዩ። በጸጥታ እንጠብቅሃለን ብለው ሲጮሁ ከኋላ አንድ ሕፃን ነቅቶ አለቀሰ። ቃሉ ሲሰነጠቅና ዝምታው ሲመጣ፣ ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ፤ ጭብጨባው መሐል ግማሹ ቃል ተመለሰ። እኔ ጋሼ ደምሴን ነበር የማየው። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ በድሮው ልማድ ሊመራ ይነሣል፣ ኳየሩ ግን አይከተላቸውም፤ እጃቸው ወዲህ፣ ድምፁ ወዲያ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁትን ነገር እየሰሙ ፊታቸው እየወረደ ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የተጸጸትኩበት ሥራ የለም። ዝጋው ሳልባል ዘጋሁት።

ጋሼ ደምሴ ተነሡ። በትሕትና፣ የሰማነው እውነት ከሆነ ይህን ኳየር በደንብ አልመራሁትም ማለት ነው፤ እኔ እንዲህ አላሰለጠንኳቸውም ነበር አሉ።  ያን ጊዜ እትዬ ዘውዴ ከተቀመጡበት፣ እንደ ዋዛ፣ «ደምሴ፣ እኛ እኮ አንተን አይተን አልዘመርንም» አሉ። ምን ማለትሽ ነው ሲሏቸው ነገሩን ዘረገፉት። ጋሼ ደምሴ ኳየሩ ፊት ቆመው እጃቸውን ሲያወዛውዙ፣ ከጀርባቸው በመስኮቱ በኩል ሬዲዮው አለ፤ ሬዲዮው አጠገብ እትዬ አስናቀች ተቀምጠዋል። ኦርኬስትራው ሊጮህ ሲል እትዬ አስናቀች እጃቸውን ያነሣሉ፣ ኳየሩ ይጮሃል። ሊደክም ሲል እጃቸውን ያወርዳሉ፣ ኳየሩ ያንሾካሹካል። ጸጥ ሊል ሲል ጨበጥ ያደርጋሉ፣ ሁሉም አፉን ይይዛል። ሁላችንም በትከሻህ ላይ አስናቀችን ነበር የምናየው አሉ እትዬ ዘውዴ። አንተን ብንከተል ኖሮ እኮ ተይዘናል።

ጋሼ ደምሴ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ይህን ሁሉ ዘመን፣ ሰው መሪ እያለ ሲያመሰግነኝ ስትሰሚ ለምን ዝም አልሽ ብለው ጠየቁ። እትዬ አስናቀች መሬት መሬት እያዩ፣ ደስ ብሎህ ነበራ አሉ። ይህን ስሰማ ዓይኔ ሞላ።  ጋሼ ደምሴ ወደ እኔ ዞረው ሬዲዮ ያለበት አለህ ወይ አሉኝ። እንዴት አይኖረኝም? ኦርኬስትራውን በየቀኑ ባቡር ላይ እሰማው ነበር። ስልኬን አገናኝቼ ከፈትኩት።

ኦርኬስትራው አዳራሹን ሞላው። ከሥሩ ያ ትንሽ ኳየር ይዘምራል፤ ጥሩምባው ሲነሣ አብሮ ይነሣል፣ ቫዮሊኑ ሲቀጥን አብሮ ይቀጥናል፣ ጸጥታው ሲመጣ ይጠብቃል። ምንም ያልተስተካከለ ነገር አልነበረበትም። እትዬ አስናቀች ሳይታወቃቸው ቀኝ እጃቸው ከነጠላቸው ወጥቶ ከፍ አለ፤ ወዲያው ጥሩምባዎቹ ገቡ። ዝቅ አለ፤ ሙዚቃው ደከመ። ያንን ኮንሰርት ከሰሙት ስንት ዘመን ሆኗቸዋል፤ እጃቸው ግን ረስቶት አያውቅም። ያ ቃል የሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ ጣቢያው አመለጠና ፊይይ የሚል ረጅም ፉጨት መጣ፤ ኳየሩም ቀጥ አለ። ሰዉ በፍቅር ሳቀ። እትዬ አስናቀች እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ መለሱ። ኦርኬስትራው ሲመለስ ጋሼ ደምሴ ያንን እጅ ፈልገው አወጡትና ያዙት፤ እስኪያልቅም አለቀቁትም።

የጸዳው ሲዲ በካርቶን ካርቶን ሆኖ ጋራዤ ውስጥ ተቀመጠ። ሬዲዮ ያለበት፣ እንዳለ፣ እንዲታተም ትዕግስት እዚያው ቆማ፣ በስልኳ፣ ሌላ ቀን ቡክ አደረገች። በሽፋኑ ላይ «የኳየሩ መሪ» ከሚለው ሥር ሁለት ስም እንዲጻፍ ያዘዙት ጋሼ ደምሴ ናቸው፤ የማን ይቅደም የሚለውን ግን ሽፋኑን ለሚሠራው ሰው ተዉለት። የእኔ አቋም በስንት ዘመን አንዴ አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ የቀረውን ከሰዓት በአዳራሹ ውስጥ የምዞረው ደረቴን ነፍቼ፣ ላገኘሁት ሁሉ አሮጌ ቅጂ ለምን መነካት እንደሌለበት እያብራራሁ ነበር። የሚያሳዝነው፣ በዚያ ቀን ሁሉም ከእኔ ጋር ይስማማ ነበር።

ሰው ሲበተን፣ ሽቦዎቼን ስጠቀልል፣ እትዬ አስናቀች ብቻቸውን መጡ። ባረኩኝ፣ ልጄን ባረኩ፣ ጋራዡን ሳይቀር ባረኩ። ከዚያ ዞር ዞር ብለው አዩና፣ ያቺ መሐል ላይ ጣቢያው ያመለጠኝ ቦታ አለች አይደል አሉኝ። አለች፣ ሰው ሁሉ ወዷታል አልኳቸው። ዘውዴ እሷን ይዛ እስከ ሲድኒ ድረስ ነው የምትስቅብኝ አሉ። ወዴት እየሄዱ እንደሆነ ገባኝና ቀና ብዬ፣ በሙሉ ክብር፣ እትዬ፣ እርስዎ እኮ ይህን የሚሉ ሰው አይደሉም፣ ይህ ታሪክ ነው፣ ታሪክ አይነካም አልኳቸው።

እትዬ አስናቀች በጥሞና ሰሙኝ። «ታሪኩማ ይቆይ» አሉ፤ «ፉጨቷን ብቻ አውጣልኝ።»

አወጣሁላቸው።